ከግድግዳው ወዲህ ያለው ሽቦ

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ በጀት መጻፍ የለመደ ሰው ድንገት ተነሥቶ ስለ ስልክ ሽቦ ሲጽፍ አንባቢ «ይኼ ሰውዬ ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። ምንም አልነካኝም። ባለፈው ሰሞን የቆየ የዕቃ ሣጥን ስበረብር አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ፣ ልታልቅ የደረሰች ናስትሮና ሦስት ሜትር ያህል የሚሆን ባለ ሁለት ክር የስልክ ሽቦ አገኘሁ። ሽቦው ሰቆጣ፣ እናቴ ቤት፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ክፍል ከዘረጋሁት የተረፈ ነው። ያን ሥራ ስሠራ ያሰብሁት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ እንግዲህ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በድንጋያማ ተራሮች መካከል ተቀምጣለች። የዋግሹሞች መናገሻ፣ የአሞሌ ጨው ነጋዴ የሚያርፍባት ጥንታዊ የገበያ ከተማ ነበረች። ዛሬ ስሟ በሌላ ይነሣል፤ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰየመ። አገር በማር ሊጠራት ሲችል በልጆቿ መቀንጨር መጠራቷ ለተወላጁ ደስ አይልም። ይህን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ስልክ ቤታችን ከመግባቱ በፊት ለእኛ ስልክ ማለት መንገድ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሊያነጋግረን ሲፈልግ አስቀድሞ ጥሪ ይልካል፤ መልእክተኛ ወረቀት ይዞ ደጅ ይመጣና «ነገ በአራት ሰዓት ስልክ ቤት ትፈለጋላችሁ» ብሎ ይሄዳል። እናቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ለመርዶ ካልሆነ በቀር ማን ገንዘቡን አውጥቶ ይጠራል? በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ነጭ ለብሳ፣ ጎረቤት አስከትላ ትሄዳለች፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገብታ ትጮኻለች። ርቀቱን በጉሮሮዋ መሸፈን ያለባት ይመስላት ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የራሳችን መስመር ሲገባልን ቤቱ ሠርግ መሰለ። ስልኩ ሳሎን ውስጥ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ የዳንቴል ልብስ ተሠራለት፤ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የእንጨት ሣጥን ከነቁልፉ ተሠራለት። በዚያ ዘመን ያደገ የከተማ ልጅ ያን ሣጥን ያውቀዋል። መቀበል ይቻላል፤ መደወል የሚቻለው ቁልፍ ለያዘ ብቻ ነው። እናቴ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሥራው ትዞር ነበር። እኔ ደግሞ በፖለቲካ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ስለ ሥልጣን ምንጭ ስማር ዓይኔ ላይ ይመጣብኝ የነበረው ያ ቁልፍ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ጳጉሜን፣ አገሩ ሁሉ ለሚሌኒየሙ ሲሸበሸብ፣ እኔ ወደ ሰቆጣ ወጣሁ። ምክንያቴ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ስልኩ ክረምት በገባ ቁጥር ይንጣጣል፤ ዝናብ በጣለ ማግሥት ጆሮ ላይ ሲያደርጉት ገብስ የሚቆላ ይመስላል። ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። እኅቴ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። የምትደውለው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ፣ በእኩለ ሌሊት፣ በሹክሹክታ ነው፤ መች እንደምትደውል እርሷም አታውቅም። እናቴ ጉልበቷን ታማለች፤ ከመኝታዋ ተነሥታ ሳሎን እስክትደርስ ስልኩ ጠርቶ ያበቃል። ስለዚህ አልጋዋን ትታ ሳሎን መደብ ላይ፣ ስልኩ ሥር፣ ማደር ጀምራ ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ አይደለችም፤ ጎረቤት ነው የነገረኝ። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ አድራለች።

ከአዲስ አበባ ስነሣ አንድ ጡረታ የወጡ የመስመር ሠራተኛ፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው ጎረቤቴ፣ ምክር ሰጥተውኝ ነበር። «ስልክ ሲታመም መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው» አሉኝ። «በሽታው ከግድግዳው ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» ፈተናው ቀላል ነው። ከምሰሶው የሚመጣው ጥቁር ገመድ ከጣራው ጠርዝ ሥር ወደ አንዲት ትንሽ ሣጥን ይገባል፤ ከሣጥኗ ደግሞ ወደ ሳሎን የሚዘልቀው ቀጭኑ ሽቦ ይነሣል። ቀጭኑን ፈትተህ ስልኩን ከውጭ በመጣው ሽቦ ላይ በቀጥታ ታስረዋለህ። ድምፁ ከጠራ በሽታው የቤትህ ነው፤ ካልጠራ ደግሞ የእነርሱ ነው፤ ያን ጊዜ አመልክተህ መጠበቅ ነው።

መሰላል ላይ ወጥቼ የሣጥኗን ክዳን ስፈታ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኤሌክትሪኩን ፈርቼ አልነበረም። የሰፈራችን መምሬ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ የመንግሥትን ሽቦ ባትነካው ምናለ?» አሉኝ። እኔም እኮ በልቤ ይህንኑ ስል ነበር። ክልክል ነው የሚል ሕግ አንብቤ አላውቅም፤ የተፈቀደ ነው የሚልም አላነበብሁም። ሳንነጋገር የተስማማንበት ነገር ነበር፤ የስልክ ሽቦ ከየትም ይምጣ፣ የትም ይግባ፣ የመንግሥት ነው። እናቴ በገዛ እጇ በለሰነችው ግድግዳ ላይ የተቸነከረው፣ በአልጋዋ ራስጌ የሚያልፈው ሽቦ ሳይቀር የመንግሥት ነው። መንግሥት የት ላይ እንደሚያበቃ ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በነገራችን ላይ፣ የኢትዮጵያ የስልክ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በቤት ውስጥ ሽቦ ነው። ራስ መኰንን ከኢጣልያ ጉዟቸው ያመጡት ስልክ መጀመሪያ የተዘረጋው በምኒልክ ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ መንግሥቱ እስከ ግምጃ ቤቱ ድረስ ነበር ይባላል፤ ካህናቱም ሰው ሳይታይ ድምፁ የሚሰማበትን ዕቃ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ነበር ይተረካል። 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ስልካችን ንጉሡን ከንብረታቸው ጋር ያገናኘ እንጂ ሰውን ከሰው ያገናኘ አልነበረም። በካህናቱ መሳቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ማን እንደሚሰማ የማይታይበት ዕቃ መሆኑን ከሁሉ ቀድመው ያዩት እነርሱ ናቸው።

ባሕር ማዶም ቢሆን ነገሩ በአንድ ጀምበር አልተፈታም። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ ሽቦውን ብቻ ሳይሆን በየሳሎኑ የተቀመጠውን ስልክ ራሱን በባለቤትነት ይዞ ያከራይ ነበር፤ የእርሱ ያልሆነ ዕቃ ከመስመሩ ጋር ማያያዝ ክልክል ነበር። ምክንያቱ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ «መረቡን ይጎዳል» የሚል ነው። ቶማስ ካርተር የተባለ የቴክሳስ ሰው በነዳጅ ማውጫና በከብት እርባታ ቦታ ያሉ ሠራተኞች ከሬዲዮ መገናኛቸው ወደ ስልክ መስመር እንዲደርሱ የምታደርግ «ካርተርፎን» የተባለች ዕቃ ሠርቶ ቢሸጥ ተከለከለ። ሰውየው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ተሟገተ፤ በ1968 እ.ኤ.አ. የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ፈረደለት። ሞደም በሰው ቤት ሊገባ የቻለው በዚያ በተከፈተ በር ነው። ቤት ውስጥ ያለው ሽቦ ጨርሶ የባለቤቱ ጉዳይ የሆነው ግን በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካዊ እንኳ የራስጌውን ሽቦ የራሱ ለማድረግ ይህን ያህል ዓመት ከፈጀበት እኔ መሰላል ላይ መንቀጥቀጤ አያሳፍርም።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ስልኩን በቀጥታ ከውጭው ሽቦ ላይ አሠርሁት፤ ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። ጥፋቱ የራሳችን ነበር። ሽቦውን እየተከተልሁ ስሄድ በመስኮቱ ጥግ፣ ቀድሞ ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ሲያዞር የቀጠለበት ቦታ ላይ ደረስሁ። ሁለቱን ክር ጎን ለጎን ጠምዝዞ በፌስታል ቁራጭ ጠቅልሎታል። ፌስታሉን ስገልጠው መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፤ በመስኮቱ የሚገባው ዝናብ እዚያ ይጠራቀምና ሁለቱን ክር ያገናኛቸዋል። የገብሱ ቆሎ ይኼ ነበር። የዛገውን ቆርጬ ጣልሁ። ሽቦ ሲቀጠል ሁለቱ መጋጠሚያዎች ጎን ለጎን መሆን የለባቸውም፤ አንዱ ከሌላው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ርቆ መቀጠል አለበት፤ ያን ጊዜ ናስትሮው ቢላቀቅ እንኳ መዳብ ከመዳብ አይነካካም።

ልባሱን መላጫ ስላልነበረኝ በጥርሴ ስልጥ ነበር። በስልክ ሽቦ ውስጥ ሁልጊዜ 48 ቮልት ያህል የሚሆን ኃይል አለ፤ እጅ ቢነካው ብዙም አይሰማም። ጥሪ ሲመጣ ግን ደወሉን ለመምታት ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ሌላ ኃይል ይላካል። ይህን ጋሼ ነግረውኝ ነበር፤ ረሳሁት። ሽቦው በጥርሴ መካከል እንዳለ ስልክ ተደወለ። ከመሰላሉ አልወደቅሁም እንጂ መንጋጋዬ ለጊዜው የእኔ አልነበረም። እናቴ ከጓዳ ጮኸቴን ሰምታ ወጣች፤ ምን ሆንህ አላለችም። «ማን ነው የደወለው?» አለችኝ።

የሰቆጣ አሮጌ ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ውፍረቱ ከክንድ ያልፋል፤ መሰርሰሪያ አያሸንፈውም። ስለዚህ ሽቦውን በበሩ መቃን ላይ አሳለፍሁት፤ ከመብራቱ ገመድ አንድ ክንድ ያህል አራቅሁት፤ ተጠግቶ ከሄደ ስልኩ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ያጉመተምታልና። በአልጋዋ ራስጌ፣ እጇ ተኝታ በሚደርስበት ከፍታ፣ ሁለተኛውን ስልክ አኖርሁ። ይህንኑ ለመሞከር ከጎረቤት ቤት ስደውል ሁለቱም ስልኮች እኩል ጮኹ። እናቴ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ አነሣችው። «ሃሎ» አላለችም። «እግዜር ይስጥህ» አለችኝ።

በማግሥቱ ሌሊት እኅቴ ደወለች። ሳሎን ተኝቼ ነበርና ስልኩን እኔም አነሣሁ። ፓራለል የተዘረጋ ስልክ ጠባዩ ይኼ ነው፤ ሁለት ስልክ በአንድ ሽቦ ላይ ሲሆን አንዱ የሚለውን ሌላው ይሰማል፤ ሰሚው ትንፋሹን ከያዘ ተናጋሪው አያውቅም። ልዘጋው ሲገባኝ አልዘጋሁትም። በአማርኛ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በጉ ዋጋ፣ ስለ ሚሌኒየሙ ሲያወሩ ቆዩ። ከዚያ እኅቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና ወደ ኽምጣና ገቡ። በእኛ ቤት አማርኛ የአደባባይ ነው፤ ኽምጣና የጓዳ ነው፤ በተለይ የሚያስለቅስ ነገር ሲኖር። እኔ አዲስ አበባ ብዙ ቆይቼ ኽምጣናዬ ደክሟል፤ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። የሰማሁት ግማሽ ግን በቂ ነበር። እኅቴ ደመወዟ ከተከለከለች ወራት አልፈዋል፤ ለእኔ እንዳይነገር ትለምናለች። ስልኩን በቀስታ አስቀመጥሁት። እስከ ዛሬ ለሁለቱም አልነገርኋቸውም፤ ይህን ካነበበች ግን አሁን ታውቃለች።

ሰው ሲያወራ በሦስተኛ ጆሮ መስማት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ያን ሌሊት ገባኝ። ምንም ረቂቅ ጥበብ የለውም፤ ሁለት ክር ላይ ሁለት ክር መጨመር ነው። በዚያን ጊዜ በከተማ ያለ ሰው ሁሉ በስልክ የሚያወራው በቅኔ ነበር። «አየሩ እንዴት ነው?» ማለት ስለ አየር አልነበረም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ተዘግቶ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ማንም ሰው በቴሌፎን የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ደንግጓል፤ አንቀጹ ቤትንና ደብዳቤንም አብሮ ይጠብቃል። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ደግሞ የጸጥታ ሰዎች ያለ ገደብ የጥሪ መዝገብና የተቀዳ ድምፅ ያገኙ እንደ ነበር ጽፏል። በአንቀጹና በዘገባው መካከል ያለው ርቀት ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ካለው ይበልጣል።

ሽቦዬን ከዘረጋሁ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ወጣ። ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ያመረተ፣ የገጣጠመ፣ ያስገባ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት፤ ፈቃድ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ ወይም የተጠቀመ ከ1 እስከ 4 ዓመት። ለእናቱ ሽቦ የዘረጋን ልጅ በዚህ የሚከስስ ዐቃቤ ሕግ ይኖራል አልልም፤ ማጭበርበርም ቢሆን የሌለ ወንጀል አይደለም። የገረመኝ ሌላ ነው። አዋጁን ከዳር እስከ ዳር ሳነብ የፈለግሁት «ከዚህ ወዲህ ያለው የቤቱ ባለቤት ነው» የሚል አንድ መሥመር ነበር። የጋሼን ፈተና የሚያውቅ ሰው አዋጁን ሲያረቅ በአጠገቡ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ የአንድ ድርጅት ብቻ የነበረውን ገበያ ከፍቶ በመስከረም 2015 ሁለተኛ ኩባንያ ሥራ መጀመሩ መልካም ነው። ሻጩ ሁለት መሆኑ ግን ማብሪያ ማጥፊያውን የያዘው እጅ ሁለት ሆነ ማለት አይደለም።

ይህንንም በራሳችን አየነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሰቆጣ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። ስልኩም፣ መብራቱም፣ ባንኩም አብሮ ቆመ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር አላወቅሁም። በየማለዳው የቤቱን ቁጥር እደውላለሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ እደግማለሁ፤ ማታ እሠልሳለሁ። ከጅዳ እኅቴ ትደውልልኛለች፤ «አገኘሃት?» ትላለች፤ «ነገ» እላታለሁ። በእነዚያ ወራት አንድ ነገር ደጋግሞ ይወጋኝ ነበር። ከተከዜ ማዶ ያሉ እናቶች ስልካቸው የተዘጋው ከእኛ በፊት፣ በጥቅምት 2013 ነው፤ ዳግም መመለስ የጀመረውም ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ነው። የእኛ ዝምታ ከአራት ወር በላይ ሲሆን የእነርሱ ሁለት ዓመት ያህል ነበር። የእነርሱ ዝምታ በጀመረ ጊዜ እኔ ስለ ጦርነቱ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ስለ ስልኩ ግን አንድ ቃል አልጻፍሁም። ይህን የምጽፈው ለማመጣጠን አይደለም፤ ስላልጻፍሁ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ፤ ያን ጊዜ ጻፍሁ፤ ቀላል ነበር፤ የተዘጋው የእኔ ነበርና።

መንገዱ ሲከፈት ሄድሁ። እናቴ ከስታለች እንጂ ደኅና ነበረች። ከምሰሶው ወደ ቤታችን ይመጣ የነበረው ጥቁር ገመድ ተበጥሶ ወድቋል፤ እርሷ አንሥታ ከባሕር ዛፉ እስከ አጥሩ ወጥራዋለች፤ ጋቢዋና ሁለት አንሶላ ተሰጥቶበታል። በገመዱ ውስጥ የብረት ሽቦ ስላለ አይረግብም፤ ከገዛነው የልብስ ገመድ ይሻላል አለችኝ። ግቢው ውስጥ ሳለሁ እርጥቡን አንሶላ ገለጥ አድርጌ የተቆረጠውን ጫፍ አየሁት፤ ሁለቱ ክር አረንጓዴ ሆነዋል።

ቤት ስገባ የእኔ ሽቦ እንዳለ ነው። በበሩ መቃን ላይ፣ ምስማሮቹ እንደ ተደረደሩ፣ እስከ አልጋው ራስጌ። የእንጨቱ ሣጥን የለም፤ ሁለቱም ስልኮች የሉም፤ ማን እንደ ወሰዳቸው አልጠየቅሁም። የመለኪያዬን ሁለት ዘንግ ከሁለቱ ክር ላይ አኖርሁ፤ ባዶ። ባዶ እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ለካሁት።

ያመጣሁላትን ሞባይል ተቀበለችኝ፤ አመሰገነችኝ፤ ከዚያም በአልጋዋ ራስጌ፣ የድሮው ስልክ በነበረበት ቦታ አኖረችው። እስከ ዛሬ ከዚያ አይነሣም። ገበያ ስትሄድ ትታው ትሄዳለች፤ ግቢ ስትወጣም ትታው ትወጣለች፤ ሲጠራ ከሰማች ጉልበቷን ይዛ ወደ እርሱ ትመጣለች። «እማ፣ ይኼ እኮ አብሮሽ የሚዞር ነው» ብላት «ቢጠፋብኝ ልጄ በየት ታገኘኛለች?» አለችኝ። ስመለስ ከግድግዳው ላይ ሽቦውን ልነቅልላት ካቻቢቴዬን አወጣሁ። አየችኝ።

«ተወው» አለችኝ። «እህል አይበላ፤ ምን አደረገህ?»